ሳትለብሰው የተዘጋው ወገብ

በዚያ መንገድ ላይ ልብስ ሰፊውን በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። ለሁሉም መድፉ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ሚስቱ እንኳ የምታስታውሰው በጣም ስትናደድ ብቻ ነበር። መድፉ ያሉትም ያለ ነገር አይደለም፤ ሰውዬው ሲያወራ የሱቁ መስታወት ይነዝራል። ከመንገዱ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣ «እሱ ባስነጠሰ ቁጥር የእኔ ደንበኛ ጆሮ ሊቆረጥ ነው» እያለ ያማርር ነበር።

ጠዋት ሱቁን ከፍቶ፣ ካውያውን ሰክቶ፣ ሬዲዮኑን ይከፍታል። ከዚያ ወዲያ ዜና አንባቢው አንድ ነገር ሲል መድፉ አምስት ይጨምርበታል። የዓለም ጦርነት ሁሉ ድል የሚሆነው እዚያች የስፌት መኪና ላይ ነው። «እኔ ብሆን ኖሮ» ይላል፣ እስፒሎቹን በከንፈሩ እንደያዘ፣ «በደረቴ ነበር የምገባላቸው!» እስፒል በአፉ ይዞ የሚፎክር ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሳቅ ያፍናል። ሸሽቶ ያመለጠ ሰው በዜና ከተነሳ ደግሞ አለቀለት፤ «ፈሪ!» ይለዋል፣ ሰውዬው ባይሰማውም። ፀጉር አስተካካዩም ከማዶ ሆኖ፣ «ፈሪ ለእናቱ፣ መድፉ!» ብሎ ይመልስለታል።

ግን እውነቱን እንመስክርለት፤ እጁ እንደ አፉ አልነበረም። እጁ ጨዋ ነው። የሴት ቀሚስ ሲሰፋ ሌላውን ሁሉ በመኪና ይጨርስና ወገቡን በቀይ ክር በሰፋፊው ያዝ ያዝ አድርጎ ይተወዋል። የቀሚሱ ባለቤት መጥታ ካልለበሰችው፣ ቆማ፣ ቁጭ ብላ፣ ተንፍሳ ካላየ፣ ቢገድሉት አይዘጋውም። «ሜትር ይዋሻል» ይላል፤ «የሰው ልክ ሲተነፍስ ነው።» አንዲት ባለጊዜ ሴትዮ ሾፌሯን ልካ «ዝጋውና ስጠው» ብትለው፣ ቀሚሱን መልሶ ሰቀለና ሾፌሩን ባዶ እጁን ሸኘው። ይቺን ጠባዩን መንገዱ ሁሉ ያውቃታል። ከሁሉ አብልጣ የምታውቃት ግን ታናሽ እህቱ ናት።

ወላጆቻቸው ሲሞቱ እሷ ገና የወተት ጥርሷ ያልረገፈ ልጅ ነበረች። ያሳደጋት እሱ ነው፤ በዚያችው ሱቅ፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ አንጥፎ እያስተኛ። የመጀመሪያ ሥራዋም ያንን ቀይ ክር መምዘዝ ነበር፤ ወገቡ በደንብ ከተዘጋ በኋላ በትንንሽ ጣቶቿ እየጎተተች ታወጣዋለች። አድጋ ባሕር ማዶ ተሻገረች። በአንድ ትልቅ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ማጠቢያ ክፍል ትሠራለች። እሷ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች፤ እሱ፣ ይኸው ትልቅ ሴት ሆናም፣ «ሚጡ» ነው የሚላት።

ሚጡ ልታገባ ሆነ። «አባቴም እናቴም አንተ ነህ» አለችው በስልክ። «እጄን ይዘህ ካላስረከብከኝ አላገባም፤ እወቀው!» ለእሱም ለሚስቱም ትኬት ላከች፤ ቪዛውም ተመታ። ቬሎዋን የሚሰፋው መቼስ ማን ሊሆን ነው? ልኳን በስልክ እየተቀበለ፣ ጨርቁን እየመረጠ፣ እያመሸ ሠራው። ወገቡን እንደ ልማዱ በቀይ ክር ያዝ አድርጎ ትቶ፣ «እዚያ ደርሼ፣ አልብሼሽ ነው የምዘጋው» አላት። መርፌና ክሩን ሳይቀር በሻንጣው ጥግ ሸጎጠ።

ያቺ ከተማ ግን ሰላም አልነበረችም። ስንት ጊዜ ሙሉ ሰልፍ፣ ድንጋይና ጭስ ሆና ከርማለች። ከዚያ ደግሞ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ፈንጂ ፈነዳ ተባለ። መድፉ ምን አለ? «እዚህስ ሰው አይሞትም እንዴ? ከደረጃ ተንሸራትቶ የሚሞት አለ! አንድ ፈንጂ ፈርቼ ከእህቴ ሠርግ ልቀር?» ሱቅ ውስጥ የነበሩት «እውነት ነው!» አሉ። ጥግ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ የምትተክለው ሚስቱ ብቻ ቀና ብላ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ድሮም ብዙ አታወራም። ከመድፍ ጋር የሚኖር ሰው ጆሮውን ይጠብቃል እንጂ ምን ይናገራል?

መሄጃቸው ሲቃረብ መድፉ ፀጉሩን ሊስተካከል ወደ ማዶ ተሻገረ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ አገጩ አረፋ ተቀብቶ ሳለ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ቴሌቪዥን ያቺን ከተማ ማሳየት ጀመረ። አሁን ደግሞ ፈንጂው የፈነዳው ኤርፖርቱ ውስጥ ነው፤ እንግዳ የሚወጣበት አዳራሽ፣ ሚጡ አበባ ይዛ ልትቆምላቸው የተቀጣጠሩበት። መስታወቱ ረግፏል። በስብርባሪው መሐል አንድ የሻንጣ ጋሪ ብቻውን ቆሟል። ጋሪው ላይ ሻንጣ፣ ሻንጣው ላይ ደግሞ በላስቲክ የተሸፈነ ልብስ ከነማንጠልጠያው ተጋድሟል። ጋሪውን ይገፋ የነበረው ሰው የለም።

የማን ልብስ እንደሆነ መድፉ በምን ያውቃል? ግን እሱ ቬሎውን ሊይዝ ያሰበው ልክ እንደዚያ ነበር፤ በላስቲክ ሸፍኖ፣ እንዳይጨማደድ ሻንጣው ላይ አጋድሞ። የተቀመጠበት ወንበር ይንጓጓ ጀመር።

«አትንቀሳቀስ እንጂ፣ ልቆርጥህ ነው!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ምላጩን አንሥቶ።

«ብርድ ነው» አለ መድፉ። ላቡ በአንገቱ እየተንቆረቆረ ብርድ ነው አለ!

ከዚያ በኋላ ያ ልብስ አልለቀው አለ። ሲቆርጥ ያየዋል፣ ሲተኩስ ያየዋል፣ ቁርስ ሲቀርብለት ሳህኑ ላይ ያየዋል። እንግዲህ መፍራት በራሱ ነውር አይደለም፤ ነፍስ ያለው ሁሉ ይፈራል። ነውሩ ሌላ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሲፎክር የኖረ ሰው «ፈራሁ» የምትል አንዲት ቃል ከአፉ አልወጣ አለችው። ለሚስቱ ሊነግራት ሁለት ሦስት ጊዜ ጀመረና ስለ ካውያው ገመድ አውርቶ ተወው።

አንድ ቀን ጠዋት ጣቃ ጨርቅ ሊያነሳ ጎንበስ አለና፣ «ወይኔ ጀርባዬን!» ብሎ እዚያው ቀረ። ሚስቱ ቁልፏን በትና ሮጠች። ደግፋ አስተኛችው፤ ቅባት አምጥታ አሸችው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የመድፉ ወለምታ ግን ይኸው ከአፉ ተነስቶ ጀርባው ላይ ታሸ። ስታሸው ስታሸው እጇ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ያ ጀርባ እንደ ቀድሞው ልስልስ ነው፤ የያዘው ነገር የለም። ቆይታ መልሳ ማሸት ጀመረች።

«እንግዲያው እኔ ብቻዬን ልሂድላት?» አለችው።

«ወደዚያ እሳት? ብቻሽን? እኔን እንዲህ ተጋድሜ ትተሽኝ?» ብሎ ተቆጣ። ነገሩ በዚህ ተዘጋ። እሱ መቅረቱ ሳያንስ እሷንም አስቀራት።

ለሚጡ ደወለላት። «ሐኪሙ አውሮፕላን ላይ መቀመጥ አትችልም አለኝ» አላት። ሐኪም የሚባል ደጁንም አልረገጠም። ሚጡም፣ «አይዞህ ወንድም ጋሼ፤ ጤናህ ይበልጣል» አለች። ድምፅዋ መሐሉ ላይ ተሰንጥቆ ነበር። እሱ የሰማው ግን «አይዞህ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ ሰው የሚፈልገውን ነው የሚሰማው።

የቬሎው ነገር ቀረ። ወደዚያው የምትሄድ አንዲት ነጋዴ ተገኘችና ልታደርሰው ተስማማች። ወገቡስ? ከነቀይ ክሩ ቢልከው እዚያ ሌላ ልብስ ሰፊ ሊዘጋው ነው፤ የማያውቀው ሰው መርፌ በሚጡ ወገብ ላይ! ይቺ አልዋጥለት አለች። ደግሞም ያ ቀይ ክር ባየው ቁጥር «መቼ ነው የምንሄደው?» የሚለው እየመሰለው ሰላም ነሳው። መኪናው ላይ ተቀመጠና በሜትር ብቻ፣ በግምት፣ ድርብ አድርጎ ዘጋው። ቀዩንም ክር መዞ ጣለው። መርፌ ከያዘ ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር አድርጎ አያውቅም።

«ሳትለብሰው ዘጋኸው?» አለች ሚስቱ።

«ታዲያ ምን ላድርግ!» ብሎ አንባረቀባት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል የሚባለው እውነት ነው። መጀመሪያ ሰሞን የወገብ መደገፊያ ቀበቶ ታጥቆ፣ ግድግዳ እየያዘ፣ «እህህ» እያለ ይሄድ ነበር። ቀጥሎ ቀበቶውን ብቻ ያስራል። ቀጥሎ ቀበቶውን የት እንዳኖረው ረሳው። ሚጡ «ቬሎው ደረሰኝ» ብላ አለመደወሏ ትንሽ ከንክኖት ነበር። «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» አለና ተወው።

አንድ ረፋድ ላይ ሱቁ በሰው ሞልቷል። ሬዲዮኑ ስለዚያች ከተማ ያወራል፤ መንገደኞች ጉዞ እየሰረዙ ነው ይላል። መድፉ ትልቁን ጣቃ በትከሻው ተሸክሞ ከጓዳ እየወጣ ነበር። አፉ አላስቻለውም።

«ይኼ ነው እንግዲህ ሰው ማለት!» አለ፤ መስታወቱ ነዘረ። «ለአንዲት ፈንጂ ትኬት መሰረዝ! እኔ ይቺ ጀርባዬ ባትይዘኝ ኖሮ ዛሬ እዚያ ነበርኩ! በደረቴ ነበር የምገባላ...»

አልጨረሰውም። በሩ ላይ ሚጡ ቆማለች። በአንድ እጇ ሻንጣ ይዛለች፤ በሌላው ክንዷ በላስቲክ የተሸፈነ ልብስ ታቅፋለች።

ጣቃው ከትከሻው ወርዶ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። እጁም በራሱ ጊዜ ወደ ጀርባው ሄደ። በኋላ ሲያስበው ፊቱን የሚያቃጥለው ይኼ ነበር፤ እጁ ሳይቀር ውሸቱን ለምዶት ነበር።

ሚጡ ግን የእጁን ነገር የት አይታ! «ቆመሃል!» ብላ ጮኸች። «ወንድም ጋሼ ቆመሃል! ተመስገን ፈጣሪዬ፣ ተመስገን!» ሻንጣዋን ወርውራ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና በሰው ሁሉ ፊት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ታየዋለች፤ ትከሻውን ትዳብሳለች፤ እንደገና ታቅፈዋለች። ደንበኞቹም ሆዳቸው ባባ። ጩኸቱን የሰማው ፀጉር አስተካካይ ፎጣውን ትከሻው ላይ እንደጣለ መንገዱን ተሻግሮ መጣ።

«ምን ሆነሽ ነው ሚጡ?» አለ መድፉ፤ ድምፁ የራሱ አልመስልህ አለው።

«ቬሎውን ስከፍተው ወገቡ ተዘግቷል!» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ቀዩን ክር ብፈልግ ብፈልግ የለም። አንተ እኔን ሳታለብሰኝ ትዘጋለህ? በቃ አልኩ፤ ወንድም ጋሼ ከእንግዲህ እንደማያየኝ አውቆ ነው። ጀርባ ነው ብለው እየደበቁኝ ነው፣ ሊሞት ነው አልኩ። ብደውል ትዋሹኛላችሁ። ተነስቼ መጣሁ።»

ሚስቱ ጥግ ላይ መርፌዋን እንደያዘች ቀረች።

«በየት በኩል መጣሽ?»

«በየት ልምጣ፣ በዚያው በኤርፖርቱ ነዋ! መንገዱ በተቃጠለ ጎማ ተዘግቶ ሻንጣዬን ተሸክሜ በእግሬ ነው የገባሁት። አዳራሹ በጣውላ ተለብዷል። ሰልፍ ላይ ቆመን አንድ ነገር ‹ጓ!› ሲል ሁላችንም መሬት ላይ ተዘረርን። እኔ ቬሎውን ታቅፌ! ለካ የብረት ወንበር ነው የወደቀው።» በእንባዋ መሐል ሳቀች። «ከወለሉ ስነሳ ትዝ ያልከኝ አንተ ነህ። ወንድም ጋሼ ቢሆን ንቅንቅ አይልም ነበር አልኩ።»

ንቅንቅ አይልም ነበር! መድፉ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መሬት ደግሞ የፈለጓት ዕለት አትከፈትም። የሚያየው ጋሪውን ነው፤ ጋሪው ላይ የተጋደመውን ልብስ ነው። ያንን አዳራሽ እሱ ሸሸና ያሳደጋትን ልጅ ላከበት። በገዛ መርፌው ላካት።

«አሁንማ ድነሃል!» አለች ሚጡ። «ሠርጉ ገና ነው፤ ትኬታችሁንም ያኔ ስትደውልልኝ ይሻልህ ይሆናል ብዬ ቀኑን ነው ያስለወጥኩት። ነገ አብረን እንመለሳለን!»

«እሰይ!» አለ ሱቁ ሁሉ። «እንግዲህ በደረትህ ግባላቸው፣ መድፉ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ሰውዬው ለጨዋታ ነው ያለው፤ መድፉ ግን እንደ ጥፊ ነው የቀመሰው።

«መጀመሪያ ልኩን እንይ» ብሎ ሚጡን ወደ ጓዳ አስገባት። ሚስቱም ተከተለቻቸው።

ሚጡ ቬሎውን ለበሰች። ቆማ ስትታይ እንከን የለውም። ስትተነፍስ ግን ወገቡ ላይ ይይዛታል። «ሜትር ይዋሻል» አለች እየሳቀች፣ የእሱን አባባል መልሳ። መድፉ ተንበርክኮ ስፌቱን መፍታት ጀመረ። ጎንበስ አለ፣ ዞረ፣ ከሥር ገባ፣ ቀና አለ፤ አንድም «ወይኔ» የለም። ሚጡ ከላይ ሆና ትመለከተዋለች። ያንን ጀርባ ከጠረጴዛ ሥር ሆና ስታየው ነው ያደገችው። ሳቋ እየቀነሰ እየቀነሰ ሄዶ ጠፋ።

«ወንድም ጋሼ» አለች፤ «ጀርባህን መቼ ተሻለህ?»

ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አላመመኝም» አለ መድፉ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ከጓዳው ሳይወጣ ቀረ። «ምንም አላመመኝም ሚጡ። ያንን አዳራሽ ቴሌቪዥን ላይ አየሁት። ፈራሁ።»

ትጮህብኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትጮህበት ይሻለው ነበር። እሷ የቬሎውን እጅጌ ጫፍ ይዛ ስታፍተለትል ቆየች።

«እኔ እኮ ቆመህ ባይህ ደስ ብሎኝ ሰው ፊት አለቀስኩ» አለች በመጨረሻ።

መድፉ የተፈታውን ክር ከወለሉ ይለቅም ጀመር።

«ፈራሁ ብትለኝ እኮ አትምጣ እልህ ነበር። እኔም እፈራለሁ። ሥራ በሄድኩ ቁጥር እፈራለሁ። እንደምፈራ የማልነግርህ አንተ ትስቅብኛለህ ብዬ ነው።» «ያንን አዳራሽ ግን ለአንተ ብዬ ነው የረገጥኩት።»

«እመጣለሁ!» አለ መድፉ። ቀዩን ክር ከመሳቢያው እየጎተተ፣ «በዚህ ያዝ ላድርገውና እዚያ መጥቼ እዘጋዋለሁ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እመጣለሁ!» አለ። ክሩን በመርፌው ቀዳዳ ሊያስገባ ሞከረ። ሳተው። በምራቁ አርጥቦ ደገመ፤ አሁንም ሳተው። እጁ ይርገፈገፋል። ዓይኑን ጨፍኖ ክር የሚያስገባ ሰው ነበር።

ሚጡ ጎንበስ ብላ መርፌውን ከእጁ ወሰደችው። ቀዩን ክር አስቀምጣ ነጩን፣ የመጨረሻውን ስፌት ክር፣ አስገባችና መለሰችለት።

«ዝጋው» አለችው።

«ሚጡዬ...»

«ለብሼዋለሁ፣ ተንፍሻለሁ፣ አይተኸኛል። ዝጋው። እየተንቀጠቀጥክ ከመጣህ በሠርጌ ቀን አንተን ሳባብል ነው የምውለው። ቅር፤ አልቀየምህም።»

ይህን ስትል መድፉ ቀለል አለው። ከሁሉም የከፋው ይኼ ነው። ያሳደጋት እህቱ «ቅር» ስትለው ከትከሻው ሸክም ሲወርድለት ተሰማው፤ መሰማቱንም አወቀ፤ አውቆም ደስ አለው። እጁ መንቀጥቀጡን ተወ። ወገቡንም ዘጋው፤ ቀጥ ያለ፣ ዓይን የማያየው ስፌት ነበር።

«የኔ ትኬት አለ አይደል?» አለች ሚስቱ ከግድግዳው ዞር ብላ።

«አለ እትዬ» አለች ሚጡ።

«አንቺ ደግሞ... አትፈሪም?» አለ መድፉ።

«እንዴት አልፈራም?» አለች ሚስቱ። «ግን ልጅቷን ማን ያስረክባት?» ሻንጣውን አወጣችና ልብሱን ፈተሸች። እሱ ጥግ ላይ ሸጉጦት የነበረውን መርፌና ክር አገኘችው። አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት።

በማግስቱ ሻንጣዎቹን ታክሲው ድረስ ተሸከመላቸው። ከባድ ናቸው፤ ጀርባው ግን ምንም አላለም። ሚጡ ጉንጩን ሳመችው፤ እንደ ድሮው አልተጠመጠመችበትም። ሚስቱ «በሩን መቆለፍ እንዳትረሳ» አለችውና ገባች። ታክሲው እስኪታጠፍ ቆሞ አየ። ከዚያ ሱቁን ከፍቶ፣ ካውያውን ሰክቶ፣ ሬዲዮኑን ከፈተ። ዜናው ስለዚያች ከተማ ነበር። መድፉ አንድም ቃል አልጨመረበትም።

ደንበኞች መጡ። ፀጉር አስተካካዩም ተሻገረ።

«ሴቶቹ ሄዱ? አንተ ምነው ቀረህ? ጀርባህ ተነሳብህ እንዴ?» አለው። ሰውዬው የዋዛ አይደለም፤ እያወቀ መውጫ እየከፈተለት ነው። የተቀመጡትም «ጀርባ መቼስ ክፉ ነው» ለማለት ከንፈራቸውን አዘጋጅተዋል።

መድፉ እስፒሎቹን ከአፉ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረጋቸው።

«ፈራሁ» አለ።

ቢስቁበት በቻለው ነበር። ማንም አልሳቀም። አንዷ ደንበኛ ቦርሳዋ ውስጥ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመረች። ፀጉር አስተካካዩ ፎጣውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና፣ «ሰው ወንበር ላይ ትቼ ነው የመጣሁት» ብሎ ተመለሰ። መድፉ የሬዲዮኑን ድምፅ ከፍ አደረገ። ወንበሩን አስጠግቶ፣ ስለዚያ ኤርፖርት ምን እንደሚሉ ለመስማት ጆሮውን ጥሎ ቁጭ አለ።